የካፒቴን ሄድሊ ምስክርነት

ኒሻኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። የመርከበኞች መዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በእርሳሱ ጫፍ ገልብጦ ያነበዋል።

"'በባሕር ላይ ለተፈጸመ ጀግንነት።' ጎበዝ! ግን የት እንደተወለድክ አይናገርም።"

"ኤደን ነው የተወለድኩት። ስንቴ ልንገርህ?"

"እዚህ ሳውዝ ሺልድስ ወደብ ያለ የመናዊ ሁሉ ኤደን ነው የተወለደው። ከተማዋ እንዴት ቻለቻችሁ?" ብሎ ይስቃል።

አልተሳሳተም። ኤደን የእንግሊዝ ናት፤ እዚያ የተወለደ ዜጋ ነው፣ መርከብ ላይ ይቀጠራል። ከተራራው ማዶ የተወለድን ግን ባዕድ ነን፤ ዘንድሮ ደግሞ ለባዕድ ሥራ የለም። ስለዚህ ሁላችንም ኤደን እንላለን። እኔም እንዲሁ እያልኩ ሃያ ዓመት ሙሉ የመርከቦቻቸውን እሳት ከሰል ሳበላ ኖሬአለሁ።

ደግነቱ ዛሬ ምስክር አለኝ። ካፒቴን ሄድሊ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀምጧል። በጦርነቱ ጊዜ መርከባችን ስትመታ ከሚነደው ክፍል ተሸክሜ ያወጣሁት እሱን ነው። ና ብዬ ብልክበት ሳይውል ሳያድር መጣ። ደስ ብሎኝ አዲስ ከረባት ገዛሁ።

"ካፒቴን፣ ይህ ሰው ኤደን መወለዱን ያውቃሉ?"

"ጀግና ሰው ነው። እሱ ባይኖር ዛሬ የለሁም።"

"እሱንማ አየነው። የት ተወለደ ነው ያልኩዎ።"

ካፒቴኑ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። "ይቅር በለኝ ሙቅቢል። መጽሐፍ ይዤ ምያለሁ፤ መዋሸት አልችልም።" ወደ ጸሐፊው ይዞራል። "ቁሐይፋ የምትባል መንደር ናት። ከኤደን በበቅሎ አምስት ቀን ታስኬዳለች።"

ክው እላለሁ። "ካፒቴን! ምን ነካዎት? ልጆች አሉኝ እኮ!"

ዓይኑን ወደ ወለሉ ይጥላል። ከእሳቱ ሳወጣው እንኳ እንዲህ አላቃጠለኝም።

"እርግጠኛ ነዎት?" ይላል ጸሐፊው። "የነዚህ ሰዎች መንደር ስሙ ይመሳሰላል።"

"ከውኃ ጉድጓዱ በላይ ሦስተኛው ቤት ነው" ይላል ካፒቴኑ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። "በሩ ሰማያዊ ነው። እናቱ ሐምዳ ትባላለች። እሷ ከሌለች ለአጎቱ ለናጂ ይነገር።"

አንድም ቃል አልሳተም። መርከባችን ሰጥማ በነፍስ አድን ጀልባ ሦስት ቀን ስንንሳፈፍ፣ ከሞትኩ እናቴን እንዲያረዳልኝ ብዬ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። እንዳይረሳው በየሰዓቱ እየቀሰቀስኩ እጠይቀው ነበር።