የስምንት ወር ካርድ

«የታችኛውን መሳቢያ ተይው፤ እሱን እኔው አወጣዋለሁ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ። ሠላሳ ዓመት የተሰቀለውን የምስክር ወረቀታቸውን ከሚስማሩ ለማላቀቅ እየታገሉ ነበር። ዶክተር ጥንቸል ግን መሳቢያውን ከከፈተችው ቆይታለች።

ጥንቸል ያሏት ወደ ዓይን ክሊኒኩ የሚመጡት ሕፃናት ናቸው። ከነጭ ጋውኗ ኪስ የማትለይ አንዲት የጨርቅ ጥንቸል አለቻት፤ እሷን እያወዛወዘች የሚያለቅሰውን ታስቃለች፣ አልመለከትም ያለውን ዓይን አባብላ ታስከትላለች። ስሙ ተለጠፈባትና ዛሬ ዘበኛው ሳይቀር «ዶክተር ጥንቸል ገብታለች» ነው የሚለው። ጡረታ የሚወጡትን የመምህሯን ክፍል የምትረከበውም እሷ ናት። ጠዋቱን ሙሉ እየተሳሳቁ ዕቃ ሲያሽጉ ነው ያረፈዱት። «ወንበሩን ቀስ በዪው፤ ከእኔ በፊት ጡረታ መውጣት የነበረበት እሱ ነው» ሲሏት ሆዷን ይዛ ስቃለች።

በመሳቢያው ውስጥ አንድ የተሰበረ መነጽር፣ የደረቁ እስክሪብቶዎች፣ ከሥራቸው ደግሞ ጠርዙ የበለዘ የታካሚ ካርድ ነበር። የራሷንና የእናቷን ስም ባታይበት ኖሮ ወደ ቆሻሻው ካርቶን ትወረውረው ነበር።

«ዕድሜ፦ ስምንት ወር» ይላል። «እናት የልጅቱ ግራ ዓይን ወደ ውስጥ ይዞራል ትላለች። የአፍንጫዋ አናት ሰፊ ስለሆነ የተንሸዋረረ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሕክምና አያስፈልግም። ስድስት ዓመት ሲሞላት ትመለስ።» ከግርጌው ፊርማ አለ። ያን እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ፊርማ መቼም አትስተውም፤ በራሷ ምስክር ወረቀት ላይ ያለውም እሱው ነው።

ክው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው እንግዲህ። እሷ የምታውቀው ካርድ የስድስት ዓመቷን ብቻ ነበር። እሱ ላይ «እናት ዘግይታ አመጣች» ተብሎ ተጽፏል። የልጅ ዓይን ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ የዞረው ዓይን በጊዜው ካልታረመ አእምሮ ችላ ይለዋል፣ አንዴ ችላ ካለው መመለሱ ጭንቅ ነው፤ የእሷም ግራ ዓይን እንዲሁ ማየቱን ትቶ ቀረ። ይኸንን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱም አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ከጎናቸው ያቆሟታል። «ይቺን እዩዋት። እናቷ ቀደም ብላ ብታመጣት ኖሮ ዛሬ ሁለት ዓይን ነበራት።» እሷም ፈገግ ብላ ትቆማለች። ክብር ነበር የሚመስላት።

ቀዶ ጥገና ልማር ብላ የለመነች ጊዜ «እጅሽስ ወርቅ ነበር ልጄ፤ በአንድ ዓይን ግን ጥልቀት አይለካም» ብለው አቅፈው ያጽናኗት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ቤት ገብታ እናቷን «ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይንሽ የት ነበር?» አለቻት። እናቷ የያዘችውን ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ዞሩ። ካርዱን አዩት፣ ከዚያ እሷን። የምስክር ወረቀቱን ቀስ ብለው የምርመራ አልጋው ላይ አስቀመጡት።

«ተይው ብዬሽ ነበር እኮ።»

«መቼ አገኙት?»

«ተማሪ ሆነሽ የመጣሽ ዓመት፤ የድሮ መዝገብ ሳገላብጥ።» ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «ስጽፈው ገና ጀማሪ ነበርኩ። በቀን ስልሳ ሕፃን ነው የማየው። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አፍንጫሽ ሰፊ...»

«ዓይኖቼን በየተራ ሸፍነው አላዩም?»

ዓይናቸውን ወደ ካርቶኖቹ መለሱ።

«ሁለት ደቂቃ እኮ ነው ጋሼ! የዞረው ዓይን ያኔ ይለይ ነበር። ሳትሸፍኑ እንዳትፈርዱ እያሉ ያስጨነቁን እርስዎ ነዎት።»

«ካገኘሁት ወዲህ አንድም ልጅ ሳልሸፍን አላለፍኩም። ይኸው ነው እውነቱ።»

«ስሕተቱን አይደለም የምጠይቅዎ። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ካገኙት በኋላስ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን አጠገብዎ አቁመው እናቴን ሲያሙ?»

«እሷ አትሰማ፣ ምን ይጎዳታል ብዬ...» አሉ።

ከኮሪደሩ የዋና ነርሷ ድምፅ መጣ። «ጥንቸሊት! ሽማግሌውን አምጪልን እንጂ፣ ኬኩ ሊደርቅ ነው!» ሌሎቹ ሳቁ፤ አንዱ አጨበጨበ።

ዶክተር ጥንቸል ስልኳን አወጣች።

«ልጄ፣ ዛሬን እንኳ...» አሉ ፕሮፌሰሩ። እጃቸው ግማሽ መንገድ ተነሥቶ ቀረ።

እናቷ ወዲያው አነሣች። «ምነው የእኔ ልጅ፣ ዓይንሽን አመመሽ?» ልጅቱ ከደወለች ሁሌም መጀመሪያ የምትጠይቀው ይኸንን ነው። ከጀርባዋ የቧንቧ ውሃ ይንሿሿል።

«አላመመኝም እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የስምንት ወር ልጅ ሆኜ ሐኪም ቤት ወስደሽኝ ነበር?»

«የወሰድኩሽ ይመስለኝ ነበር» አለች እናቷ፣ እንደሚያፍር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በአረንጓዴ ፎጣ ጠቅልዬሽ። ዝናብ ነበር። ኋላ ስድስት ዓመት ሞልቶሽ ስመልስሽ የዚያን ቀኑ ሐኪም ‹መዝገብ ላይ የለሽም፣ ተሳስተሽ ነው› አለኝ። የተማረ ሰው እንዲያ ሲል ጊዜ፣ እንግዲህ በሕልሜ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ምነው፣ ምን ተገኘ?»

ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ደፉ።

«በሕልምሽ አይደለም እማዬ። ወስደሽኛል። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላት መልሺያት ያሉሽ እነሱ ናቸው።»

የውሃው ድምፅ ቆመ። ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለች እናቷ። «ቀስ ብለሽ።»