የገጽ ዘጠኝ ነገር

እንድሪያስ ሰመራ ውስጥ በአንድ የውሃ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የሞተር አጠቃቀም መመሪያ ይጽፋል። ሲቀጠር ታይፒስት ነበር። ሙያውን ያስተማረው የለም፤ ከፋብሪካ የሚመጡትን መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ይዞ እያገላበጠ፣ የጻፈውን ለዘበኛውም ለሾፌሩም እያነበበ፣ ያልገባቸውን እየሰረዘ ነው እዚህ የደረሰው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያይ ያመዋል። "አንድ ተራ ቁጥር፣ አንድ ሥራ" ይላል፣ ጠየቃችሁትም አልጠየቃችሁትም።

በዚያ ሰሞን የመመሪያ ዝግጅት ቡድን መሪነት ቦታ ተከፍቶ ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቀው ቦታ ነው። ሁሉም "ያው ያንተ ነው" ብለውታል።

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊዋ ወይዘሮ አስረሳሽ ጠሩት።

"ከሎጊያ ወዲያ ያለው የውሃ ሞተር ተቃጥሏል። ዛሬውኑ ሂድና ሪፖርት ጻፍልኝ። ያየኸውንና የሰማኸውን ብቻ።"

"እሺ፣ ወይዘሮ አስረሳሽ።"

ወደ ክፍሉ ተመልሶ ለዚያ ሞተር የጻፈውን መመሪያ ከፈተ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ላብ አጠመቀው። ከማስነሳት በፊት ቱቦው ውሃ ይሞላ የሚለው ተራ የለም። ደረቁን የተነሳ ሞተር ደግሞ እንደሚቃጠል ሕፃንም ያውቀዋል። ጉድ ነው! ለስንቱ ሲሰብክ የኖረ ሰው፣ ዋናውን ተራ ዘሎታል። አፈረ። ማንም ሳያየው፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ፊቱ ጋለ።

ማፈር ጥሩ ነው ይባላል። አንዳንዱን ሰው ግን ሌባ ያደርገዋል። እንድሪያስ የጎደለውን ተራ ጨምሮ ገጽ ዘጠኝን እንደገና አተመና ይዞት በሚሄደው ፋይል መሃል ሸጎጠው። መመሪያው በክላሰር የተያዘ ነው፤ ገጽ ለመቀየር ይመቻል ብሎ የመረጠው ራሱ ነበር።

ሾፌሩ ሰላሀዲን የወሎ ሰው ነው፤ ወሬ ይወዳል። ሎጊያን አልፈው፣ ከጅቡቲ ከሚመጡት ከባድ መኪኖች መንገድ ወጥተው መንደሩ እስኪደርሱ ብቻውን ሲያወራ ሄደ። እንድሪያስ አንዱንም አልሰማም።

ሞተሩን የምታንቀሳቅሰው ሀምዳ የምትባል የአፋር ሴት ናት። ባሏ ሞቷል፤ አራት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነው። ከግራር ጥላ ሥር ከመንደሩ ሽማግሌ ከአማን ጋር ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

"ተቀመጥ" አለችው። "መጀመሪያ ዳጉ እንባባል።"

በአፋር አገር እንግዳ ሲመጣ ሌላ ነገር አይቀድምም። ቁጭ ይባላል፤ ያዩትና የሰሙት፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ በየተራው ይነገራል። እንድሪያስ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያን ቀን ግን የሚነገረው የእሱ ጉድ መሰለው፤ ጥፋቱን ፊት ለፊት ከሚሰማ ሞቱን መረጠ።

"ዳጉው ይቆየን፤ ቸኩያለሁ። መመሪያውን ብቻ አምጪልኝ።"

ሀምዳና ሽማግሌው ተያዩ። ዳጉ አቋርጦ የሚሄድ ሰው አልለመዱም። "አውቀውብኛል" አለ እንድሪያስ በልቡ።

ክላሰሩን ተቀብሎ ብቻውን ወደ ሞተሩ ቤት ገባ። አንድም ገጽ አልቆሸሸም፤ አንድም ጠርዝ አልታጠፈም። እንዲህ ተጠንቅቃ መያዟ ይበልጥ አሳፈረው። በተበሳው ጣሪያ በኩል ፀሐይ ገብታለች፤ ሽቦው ሁሉ ከስሏል። ሞተሩን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አሮጌውን ገጽ ዘጠኝ አውጥቶ አዲሱን አስገባና ወጣ። ሰላሀዲን ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

"ተነሳ፣ እንሂድ!"

"አንተ ሰውዬ" አለች ሀምዳ፣ "ምንም አልጠየቅኸኝም እኮ።"

"ወረቀቱ ይበቃኛል።"

መኪናው ውስጥ ሰላሀዲን አላስችል አለው። "ወላሂ እንድሪያስ፣ እነዚያ የነገሩኝን ብትሰማ..."

"በናትህ ተወኝ! አልፈልግም።"

"ኧረ ስለ ሞተሩ ነው..."

"አልፈልግም አልኩህ!"

ሰላሀዲን አኮረፈ። እስከ ሰመራ ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ዓርብ ጠዋት እንድሪያስ ሪፖርቱን ጻፈ። አሥራ አንድ ተራ ቁጥር፣ አሥራ አንድ አጫጭር ዓረፍተ ነገር። በዕድሜው እንደዚያ አጥርቶ ጽፎ አያውቅም፤ ይህም ራሱ አሳፈረው። ስድስተኛው እንዲህ ይላል፦ "ኦፕሬተሯ በገጽ ዘጠኝ የታዘዘውን ትታ ቱቦውን ውሃ ሳትሞላ ሞተሩን አስነሥታለች።" በዚህች ተራ ሀምዳ ከሥራዋ እንደምትባረር ያውቃል። ልጆቿ ትዝ አሉት። ወረቀቱን ሊቀደው ያዘ። ደግሞ የቡድን መሪነቱ ትዝ አለው። ራሱን እየጠላ ፈረመበት።

ወይዘሮ አስረሳሽ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"አጻጻፍህ ግሩም ነው። ይህን ራስህ አጣርተሃል?"

"አጣርቻለሁ።"

"ሀምዳስ ምን አለች?"

"ጥፋቷን አምናለች።"

ወይዘሮ አስረሳሽ መሳቢያቸውን ስበው ከትምህርት ደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት አወጡና ፊቱ አደረጉ።

"ሀምዳ ለመንደሩ አስተማሪ ነግራ ያስጻፈችው ነው። ረቡዕ ደርሶኛል። አንተን የላክሁህ የቢሮ ሰው ማረጋገጫ ስለሚያስፈልግ ብቻ ነበር። አንብበው።"

"ማክሰኞ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እኔም ሰዉም ውጭ ተቀምጠን ሳለ፣ መብረቅ ወርዶ የሞተሩን ቤት መታው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።"