የሻምበሉ ዒላማ

ሻምበሉ ሲያማርሩም ይኮራሉ። «ይሄ የብረት ዒላማ እኔ በተኮስኩ ቁጥር ይዘረራል፤ ማንሳቱ ወገባችንን ቆረጠው። የኔን ጥይት የሚችል መቆሚያ ሥራልኝ» አሉት በያጁን።

በያጁም እልኸኛ ነው። የጭነት መኪና ቸርኬ አመጣ፤ መሃሉ ላይ ወፍራም ቱቦ በየደ፤ ቸርኬውን በስሚንቶ ሞልቶ ዒላማውን አቆመበት። የተኩስ ሜዳው ነፋስ የራሱን ባርኔጣ ይዞበት ሲሄድ ዒላማው ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎት ቀይ ቀለም ቀባውና ሄደ።

በሳምንቱ ጥይት የላጠውን ቀለም ሊያድስ ብሩሹን ይዞ መጣ። ከፊት አየው፤ ዞሮም ከኋላ አየው። አንድም ጭረት የለበትም።

ሻምበሉ ግራ ቀኙን ቃኝተው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ያንን መቆሚያ እስቲ እንደ ድሮው ላላ አድርግልኝ።»