ዓይኑን የጨፈነው አድማጭ

አስተናጋጇ «እዚህ ቤት ጃዝ እየተጫወተ ከወንበር መነሳት ነውር ነው» ስትለው፣ «ቅዳሴ ነው እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ሦስተኛ ቢራውን ጨለጠ።

አሁን ሽንቱ ወጥሮታል። መጸዳጃ ቤቱ ከመድረኩ ጀርባ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ ተቸንክሯል። ሳክስፎኒስቱ አንዱን ዜማ እያዞረ እያጠማዘዘ አልጨርስ አለ። ሰውየው ጭኑን ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚያውቀውን ታቦት ሁሉ ተማጸነ።

«አየሽ፣ ማዳመጥ እንዲህ ነው!» አለ ከጎኑ የተቀመጠው ለሚስቱ በሹክሹክታ።

በስንት ጣር ፒያኖው ዜማውን ሲረከብ፣ ላብ ያጠመቀው ሳክስፎኒስት ወደ ሰውየው ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ በሞቴ ዓይንዎን ይግለጡ! አንድ አድማጭ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ ዜማውን ማቆምም ሆነ ከመድረክ መውረድ ለእኛም ነውር ነው። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው።»