ይላላል ወይስ ይጠብቃል?

«ደላላው አልገደለም!»

ወልደ ሰንበት አግዳሚው ላይ ወጥቶ ቆሟል። የተዋንያኑ ስም ገና ነጩ አቡጀዲ ላይ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ነው። «ዕድሜ ልኬን በሬ ሳሻሽጥ ኖሬያለሁ። ዋሽቻለሁ፣ አልክድም። የከሳውን ወፍራም፣ ያረጀውን ወይፈን ብያለሁ። ሰው ግን አልገደልኩም!»

«ያንተን ስም ደግሞ ማን ጠራ?» ይላል አንዱ።

«የከብት ደላላ ገደለ ከተባለ፣ ታዲያ ማንን ነው?»

የቢቸና ገበያ ውሎ ተበትኗል፤ የፈንታነሽ ቪዲዮ ቤት ከከብት ተራ በመጡ ደላሎች ጢም ብሏል። ሪሃብ ከኋላ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባለች። ፊልሙ የእሷ ነው። ሞጣ ውስጥ፣ በአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ፣ በአንድ ስልክ፣ በአንድ በርና በአንድ ከረጢት ዱቄት የተሠራ ልብ አንጠልጣይ። የሞጣው አዳራሽ ባለቤት «ቢቸና ከወደደው እኔም አሳያለሁ» ብሏታል። ቢቸና መውደዱን ደውላ የምትነግረው ደግሞ ፈንታነሽ ናት። ስልኳን ይዛ ከአቡጀዲው ሥር ቆማለች። አልደወለችም።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ እህል ነጋዴ በሩ ሳይሰበር ቤቱ ውስጥ ይገደላል። ነፍሱ ልትወጣ ስትል በፈሰሰው ዱቄት ላይ በጣቱ አንዲት ቃል ይጽፋል፤ «በሬ»። ፖሊስ ያነባል፣ ያስባል፣ የበሬ ደላላውን ይዞ ይሄዳል። አለቀ።

ሪሃብ የፈራችው ሌላ ነበር። ሬሳው ዱቄቱ አፍንጫው ገብቶ አነጥሷል፤ ደግማ እንዳትቀርጸው ዱቄቱ አልቆ ነበር። እሱን ግን ማንም አልተቀየመም። ግማሹ «ይማርህ!» ግማሹ «ነፍስ ይማር!» አለ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ፊልሟን ይዛ የከብት ደላላ አገር መምጣቷ ግን እስከ ዛሬ አልታያትም።

«እኔ የምለው» ትላለች ሽንኩርት ነጋዴዋ ይርጋነሽ ከፊት ረድፍ፣ «ደላላው በየት ገባ? በሩ አልተሰበረ፣ መስኮት የለው!»

የሟቹ ቤት መስኮት ያጣው የተቀረጸበት ጓዳ መስኮት ስለሌለው ነው።

«ቁልፉስ?» ይላል ሌላው። «ቁልፉኮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የዘበኛው አንገት ላይ ነው! ዓይን የላችሁም?»

የሪሃብ ጉንጭ ይግላል። የሱቁ ቁልፍ ነው። ዘበኛውን የሠራው የኔሰው እንዳይጠፋበት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር፤ አውልቅ ያለው የለም። አሁንም ሰው እያስገባ በር ላይ የቆመው እሱው ነው፤ ፈንታነሽ የቪዲዮ ቤቱን ቁልፍ አደራ ሰጥታዋለች፤ እሱንም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል?» ትላለች ፈንታነሽ። «ሠሪዋ ያችውላችሁ!»

ቤቱ በሙሉ ይዞራል።

«አንቺ የሞጣ ልጅ!» ይላል ወልደ ሰንበት። «ምን በደልንሽ? ገዳዩን ቀይሪልን! አለዚያ ሞጣ እንደውላለን፤ እዚያም ደላላ አለ!»

«እንደውላለን!» ይላሉ ደላሎቹ።

ፈንታነሽ ስልኳን ወደ ኪሷ ትመልሳለች።

ያኔ ከግድግዳው ጥግ አንድ ሳል ይሰማል። የቅኔ መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ናቸው። ሲገቡ በር ላይ «ዝናቡን እስካሳልፍ» ብለው ነበር፤ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ጫጫታው ቀጥ ይላል።

«ልጄ፣ ሟቹ የጻፋት ቃል፣ ሬው ይላላል ወይስ ይጠብቃል?»

«እንዴት የኔታ?»

«ካላላነው የሚያርሰው በሬ ነው። ካጠበቅነው ግን» ጭራቸውን ወደ መውጫው ይዘረጋሉ፣ «የኔ በር፣ በሬ ማለት ነው። ሰውዬው ጻፋት እንጂ አላነበባት፤ ፊደላችን ደግሞ መላላት መጥበቁን አይናገርም። አንቺ የትኛውን ብለሽ ነው?»

ሪሃብ ያለችው ቀንድ ያለውን ነው። ሌላ በሬ በሕልሟም አልመጣ። «ይላላል» ካለች እውነቷን ነው፤ ደላሎቹ ይነሱባታል፣ ስልኩም ኪስ ውስጥ ይቀራል፣ የሞጣ ሰው ፊልሟን ሳያይ ይኖራል። ወልደ ሰንበትን ታያለች። የፈንታነሽን ኪስ ታያለች።

«ይ... ይጠብቃል፣ የኔታ።»

የኔታ አገጫቸውን አንስተው ቃሏን ያላምጧታል። ዓይናቸው ይበራል። ከዚያ ያችኑ ቃል፣ «ብ»ዋን ጠንከር አድርገው ረግጠው ይመልሷታል።

«ይጠብቃል! በሬን ይጠብቃል!»

«በር የሚጠብቅ...» ትላለች ይርጋነሽ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ብድግ። «ዘበኛው! ዘበኛው ነው የገደለው!»

ጣሪያው ሊነቀል ይደርሳል። «እኔ ገና ሲገባ ዓይኑን አላመንኩትም!» ይላል አንዱ። «ታዲያ ደላላውን ለምን አሰሩት?» ይላል ሌላው።

«እሱማ ሰሙ ነዋ» ይላሉ የኔታ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «ሰሙ ታሰረ፤ ወርቁ አመለጠ።»

ወልደ ሰንበት ከአግዳሚው ዘሎ ይወርድና አጠገቡ ያገኘውን ሰው አቅፎ ይስማል። «ተባረኪ! የሞጣ ልጅ፣ ተባረኪ! ድገሙት! ያን ሌባ ዘበኛ እንደገና ልየው!»

«ይደገም!» ይላል ቤቱ።

ፈንታነሽ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ለሞጣው አዳራሽ ባለቤት በስልክ ትጮኻለች። «አብዱልሐኪም! አሳየው! ... ሰው ቤቱን ሊያፈርስብኝ ነው እልሃለሁ! ... ማን ገደለ? እሱን አልነግርህም። ብቻ ስታነበው አጥብቀህ አንብብ!»

ሪሃብ ሻሿን ከቅንድቧ ላይ ትመልሳለች። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ትነክሳለች። አሁን የገረማት ራሷም ማመኗ ነው፤ ዘበኛው ነው የገደለው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ፊልሙ ሊደገም መብራቱ ይጠፋል። አቡጀዲው ላይ ዘበኛው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቅ ይላል። አንድ ራስ ወደ መውጫው ይዞራል፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

የኔሰው መቃኑን ተደግፎ ቆሟል። ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ሸሚዙ ውስጥ ይከታል።