ደወል የማይደወልበት ቀን

በስቅለት ዕለት ጠዋት ዶን ኤቫሪስቶን ከአልጋው ያስነሳው ዜና ካዬታና ጠፋች የሚል ነበር።

ንጉሡ ኢየሱሳውያን አባቶችን ከአገር ካባረረ ወዲህ በኮርዶባ ኮረብቶች ሥር ያለውን ርስታቸውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። አባቶቹ በቅሎዎቹን፣ ወፍጮውን፣ ግንባሩ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘውን ነጭ ቤተ ክርስቲያንና በባርነት የያዟቸውን ሰዎች ጥለው ሄደዋል። ዶን ኤቫሪስቶ የተሾመው ይህን ሁሉ ሸጦ እንዲጨርስ ነው። ካዬታናን የገዛት የሰሜን ነጋዴ ነገ ሊወስዳት ይመጣል። ካላስረከበ ሹመቱ አለቀለት፤ ቦታውን የሚቋምጡ ሰዎች ደግሞ ሞልተዋል።

የልጅቱን አያት አስጠራት። ኒካሲያ ሦስት ልጆቿ ተሸጠውባት የቀረቻት ይህቺው የልጅ ልጅ ናት።

«የት ደበቅሻት?»

«እኔን ይጠይቁኛል? ያቺ ከይሲ መች ነግራኝ ታውቃለች። ሲያገኟት ይግረፉልኝ። በእሷ ጦስ ሁላችንም ልንለበለብ ነው።»

«እኔ ደግሞ ታለቅሺብኛለሽ ብዬ ነበር።»

«እንባዬን በልጆቼ ጨርሼዋለሁ፣ ዶን።»

ዶን ኤቫሪስቶ አላመናትም። እሱ ማንንም አያምንም፤ ማንም እሱን እንደማይወደው ስለሚያውቅ ይሆናል። ወፍጮ ቤቱን አስፈተሸ፣ ኩሬውን በረጅም እንጨት አስጎረጎረ። ቤተ ክርስቲያኑን ግን ለማንም አልተወም፤ ራሱ ገባ። ከመሠዊያው ጀርባ ባለው ክፍል የልብሰ ተክህኖውን ሣጥን ከፍቶ ካባውንም ሻማውንም ወለሉ ላይ በተነው። በሕማማት ሐምራዊ ጨርቅ የሚለብሱትን ምስሎች ሁሉ አንድ በአንድ ገለጠ። የእመቤታችንንም ምስል መሸፈኛ በበትሩ ጫፍ አነሳው። ከአንገት በላይ ከእንጨት የተቀረጸ ፊት፣ በጉንጮቿ ላይ የመስታወት እንባ፣ ከአንገት በታች የሸምበቆ አጽም ብቻ።

«ኧረ ዶን! ገና አልለበሰችም እኮ!» ኒካሲያ ከበሩ ላይ ጮኸች። «ወንድ እንዲህ ሆና አያያትም!»

አፈረ። አማተበና ጨርቁን መለሰው። እመቤታችንን ማልበስ ከአባቶቹ ዘመን ጀምሮ የኒካሲያ ሥራ ነው፤ ስታለብስ በሩ ይዘጋል፣ ማንም አይገባም።

ቀትር ላይ ግን ዕድል ቀናው። ደዋዩ ሲሞን ከካባው ሥር ዳቦ ሸጉጦ፣ ግራ ቀኝ እየተገላመጠ ወደ ደወሉ ግንብ ሲወጣ በመስኮት አየው። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ደወል አይደወልም፤ ሕዝቡ የሚጠራው በእንጨት ማንኳኳያ ነው። ታዲያ ደወል በማይደወልበት ቀን ደዋይ ግንብ ላይ ምን ይሠራል? በስቅለት ጾምስ ዳቦው ለማን ነው?

ዶን ኤቫሪስቶ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ወዲያው ግን አልወጣም። ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ የሰውም ፊት ደስ አይልም። ከሰዓት በኋላ ሁሉም የስቅለቱን ዑደት ለማድረግ እመቤታችንን አጅቦ ሲወጣ ግቢው ባዶ ይቀራል፤ ያኔ ልጅቱን በጸጉሯ ይጎትታታል። እስከዚያው ሁለት ዘበኞች ግንቡ ሥር አቆመ። ሌሎቹን ደግሞ፣ ለማንኛውም ብሎ፣ በዋናው በር ላይ የሴቱን ሁሉ መከናነቢያ እንዲገልጡ አዘዘ።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፈተ። እመቤታችን ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር መሸፈኛዋ እስከ ደረቷ ወርዶ፣ በጣውላ ቃሬዛ ላይ ቆማለች። በልማዱ የፊተኛውን ቀኝ የሚሸከመው የርስቱ አለቃ ነው። ዶን ኤቫሪስቶ ትከሻውን ሰጠ፤ ጉልበቱም ታጠፈ።

«ምን ጭነሽባታል፣ አንቺ አሮጊት?»

«ጣውላው ነው፣ ዶን። ደግሞ እናቶቻችን ሲሉ፣ እመቤታችን የምትከብደው እንደ ተሸካሚው ኃጢአት ነው።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዶን ኤቫሪስቶ የሳቁትን ለሰኞ ጅራፍ በዓይኑ ያዛቸው።

በሩ ላይ አንዲት ረጅም ሴት እስከ ዓይኗ ተከናንባ እያነከሰች ስታልፍ አየ።

«ግለጧት!»

ጥርስ አልባ አሮጊት ነበረች። «ወንድ ገልጦኝ አያውቅም፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ» አለች። «ዕድሜ ይስጥዎ።»

ዘበኞቹ ሳቃቸውን ዋጡ። እመቤታችን ስትደርስ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተንበረከኩ።

ከወንዙ ማዶ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፤ እመቤታችን እስከ ነገ ከሴቶች ጋር ብቻ የምታድረው እዚያ ነው። አጠገቧ የሰፈሩት በቅሎ ነጂዎች ወደ ተራራው መንገድ ሊነሱ ጭነታቸውን ያጠብቁ ነበር። ዶን ኤቫሪስቶ ላቡ እየተንጠባጠበ ሸክሙን አወረደ። ኒካሲያ እጁን ይዛ ሳመችው፤ ከመጣ ጀምሮ አድርጋው አታውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶን። ይሂዱ እንግዲህ። የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብትዎን እንዳይጥሉ።»

ስለ ግንቡ አውቃለች ማለት ነው ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ተመለሰ። ዘበኞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«የወረደ የለም፣ ዶን። ከላይ ድምፅ ይሰማል።»

የግንቡ ደረጃ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ሻማ ያስፈልጋል። ዶን ኤቫሪስቶ በባዶው ቤተ ክርስቲያን አልፎ ከመሠዊያው ጀርባ ወዳለው ክፍል ገባና ጠዋት የበተነውን ሣጥን ከፈተ። ሻማዎቹ ከሥር ናቸው። ላይ ላዩን የተደረደረውን ካባ ገፋ አደረገው።

የእንጨቱ ፊት፣ የመስታወት እንባው በጉንጮቹ ላይ እንዳለ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ሽቅብ ያየው ነበር።