ቅርንፉድ የሚሸተው መድኃኒት

ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ሰውየው ሰኞ ጧት የመንጋጋ ጥርሱን አስሞላ። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ በመሰርሰሪያ ሲያንዘረዝረው ቆየና፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት መድኃኒት ጠቅጥቆ ሸኘው።

ማክሰኞ ከአልጋው ቀና ሲል ቤቱ ዞረበት። ግድግዳ ይዞ ወጣና ደጃፉ ላይ፣ ጎረቤት እያየ፣ ወደቀ።

አረቄ ከተወ ሰባት ወሩ ነው። ከጓደኛው ከደረበ ጋር፣ በአንድ ቀን፣ በንስሐ አባታቸው በአባ ወልደየስ መስቀል ፊት ምለው ነው የተዉት። ሚስቱም ያን ዕለት “ሁለተኛ ከጠጣህ አብሬህ አልኖርም” ብላዋለች።

“የጥርስ ሐኪሙ ነው። ጭንቅላቴን ዘቅዝቆ ሲያንቀጠቅጠኝ ነው ያዞረኝ” አላት።

“አምንሃለሁ” አለችው። ከሰዓት በኋላ አባ ወልደየስንና ደረበን አስጠራች። ሻንጣዋ በሩ ሥር ተቀምጧል።

አባ ወልደየስ ጎንበስ ብለው የሰውየውን አፍ አሸተቱ።

“አረቄ አይደለም። ቅርንፉድ ነው።”

ሰውየው በደስታ ወደ ጓደኛው ዞረ፤ ቤቱም አብሮት ዞረ። “ንገራቸው እንጂ፣ ወንድሜ! አብረን አይደል የተውነው?”

ደረበ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ።

“እኔ ምን ልበል? ጠጪ ሽታውን ሊያጠፋ የሚያኝከው ምን ይመስላችኋል?”

ሚስትየዋ ሻንጣዋን አነሳች።

ደረበ የቀረውን በምስጢር ሊነግራቸው ወደ አባ ወልደየስ ጆሮ ጠጋ አለ። አባ ወልደየስ በርጩማቸውን ይዘው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉና አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።